ዓሣ የያዘ ሰው መንገድ አይለምንም

ፐርዝ፣ አውስትራሊያ፣ ሜይ 3 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሙኒያማ፣

ባሉበት ሰላምታዬ በክብር ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ያ የክረምት ሳልስ ለቀቀዎት? እኛ እዚህ አምላካችን ሙሩጋን ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ ቁመታቸው በር ሊሞላ ነው፤ ባለቤቴም እጅ ነስታለች።

ሳልጽፍ ስለቆየሁ እንዳይቀየሙኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የአጎቱ ልጅ ሆነው ሳሉ «እህቴ» እያለ ነበር የሚጠራዎት። እኔም ከእሱ ወገን የቀረኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥቅል ይደርስዎታል። ውስጡ ያለው አዲስ የማጥመጃ ክር ማጠንጠኛ ነው፤ ፍሬን አለው። ዓሣው ሲሮጥ ክሩን በልክ እየለቀቀ ራሱ ያደክመዋል፣ እርስዎ ከቆሙበት ንቅንቅ ማለት የለብዎትም። የሚያብረቀርቁት የብረት ዓሦች ደግሞ እዚህ «ማንኪያ» የምንላቸው ናቸው። እኔ መንጠቆ ላይ ስጋ መሰካት ትቻለሁ። ማንኪያዋን ወርውሮ መሳብ ነው፣ እጅም አይሸት። እዚህ ቴይለር የሚሉት ዓሣ የእናንተው ሻድ ነው፣ ማንኪያ ሲያይ ያብዳል።

አንዲት ነገር ላስቸግርዎ። ከባሕሩ በላይ ያለውን የአባቴን ቦታ ፎቶ አስነስተው ቢልኩልኝ። ወደ አሸዋው የሚወርደውን መንገድ ሰው ይጠቀምበት እንደሆነም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣
ሎጋናታን


ኡምላላ አፍ፣ ጁን 14 ቀን 1998

ለልጄ ለሎጋናታን፣

ባሕሩ የማይጎድልበትን ያህል ቤትህ አይጉደል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያማል፣ ግን ጉልበት ያመመው ሰው ቤት ቢቀመጥ ደግሞ ወገቡን ያመዋልና አልቀመጥም።

ሰርዲኑ መጣ! ሐሙስ ጠዋት ወፎቹ ከማዕበሉ ላይ እንደ በረዶ ሲወርዱ አይተን መንደሩ ሁሉ ነቅሎ ወረደ። የቤተ መቅደሱ ካህን ሳይቀር ልብሱን ሰብስቦ እስከ ወገቡ ገብቶ በባልዲ ሲቀዳ ነበር። ለመንጠቆ የሚሆነውን በጨው ነስንሼ አስቀመጥኩ፤ የተረፈውን በተምር ሂንዲ ወጥ ሠራሁትና ጎረቤቱ ሁሉ ጣቱን ላሰ።

ጥቅልህ ደረሰኝ፣ እጅህ ይባረክ። ማንኪያዎችህን በአጥማጆቹ ሰልፍ ላይ አውጥቼ ሳሳይ ዓሣ ሻጩ ኪስተንሳሚ «ሙኒያማ፣ ሹካውስ?» ብሎ ሰው ሁሉ እየሳቀ ውሎ ሄደ። አልዋሽህም፣ ውሃው ጠርቶ በዋለበት ጠዋት ሁለት ሻድ ያዝኩባቸው። ግን ዝናብ ዘንቦ ኡምላላ ወንዝ ጭቃውን ሲያስገባ ማንኪያህን ማን ያየዋል? ያኔ ኮብ የምንለው ትልቁ ዓሣ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ በአፍንጫው ነው የሚበላ። ለእሱ ማዕበሉ ሲመለስ አሸዋውን በእግርህ ጎርጉረህ የባሕር ቅማል የምንላቸውን ትንንሽ ሸርጣኖች ትለቅማለህ፣ ከሰርዲን ራስ ጋር አድርገህ በጥጥ ክር እንደ ሕፃን ጠቅልለህ ታስረዋለህ። እጅ ይሸታል፣ እውነትህን ነው። የሸተተ እጅ ማታ ወጥ ይበላል።

ማጠንጠኛህን ግን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እኔ የማጠምደው በአባትህ የእንጨት ማጠንጠኛ ነው። እሱ ፍሬን የለውም፣ ፍሬኑ መዳፌ ነው። ለዚህም ነው ዓሣው ሲሮጥ አብረን የምንሮጠው። ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ፤ አንዱ «ዓሣ!» ብሎ ከጮኸ ሰልፉ ሁሉ ክሩን ሰብስቦ ወደኋላ ይላል፣ በቅርብ ያለው ዓሣ ማውጫውን ኩላብ ይዞ ይከተለዋል፣ ዓሣው እስከወሰደው ድረስ ይሄዳል። ዓሣ የያዘ ሰው መንገድ አይለምንም። የሰው ክር የበጠሰ ደግሞ በዚህ አሸዋ ላይ ስሙ አይነሳም።

ፎቶውን የኪስተንሳሚ ልጅ ያነሳልሃል። ግን ለምን ፈለግከው? መንገዱን ሰው ይጠቀምበታል ወይ ያልከው ነገር ገረመኝ። ከመንደሩ ወደ ባሕር የሚያስወርደን ሌላ መንገድ መች አለንና?

አክስትህ፣
ሙኒያማ


ፐርዝ፣ ጁን 30 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የሰርዲኑ ሽታ አብሮ የመጣ መሰለኝ። በጤና ያቆይልኝ።

ፎቶውን የፈለግኩት እንዲሁ ለማየት ነው። ቆርቆሮው ቤት ወድቋል ሲሉ ሰምቼ ነበር።

አንድ ነገር ስል ግን አይቆጡ። ልጅዎ ከተማ፣ ቻትስዎርዝ፣ ጥሩ ቤት አላት፣ ለእርስዎም ክፍል አዘጋጅታለች አሉ። በዚህ ዕድሜዎ ጨለማ ሳይገፈፍ ተነስቶ ማዕበል ውስጥ መቆም ምን ይባላል? እዚህ እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች ወንበራቸው ላይ ሆነው ጃንጥላ ጥላ ሥር ነው ባሕሩን የሚያዩት። ሰው ሁሉ ባልዲውን አስቀምጦ ለየብቻው ይቆማል፣ የማንም ዓሣ የማንንም አይነካም። ጊዜው ተለውጧል፣ አክስቴ። ያ ቦታም እንደ ድሮው ላይቆይ ይችላል።

ክር ካነሰዎት ይጻፉልኝ፣ እልካለሁ።

ሎጋናታን


ኡምላላ አፍ፣ ጁላይ 19 ቀን 1998

ለልጄ ለሎጋናታን፣

ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ምርቃቱን ያሳጠርኩት ደሜ ስለፈላ ነው፣ አትቀየመኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ስንወርድ ከአባትህ ቦታ ጥግ ጀምሮ እስከ ውሃው ድረስ የብረት ዘንግ ተተክሎ ወፍራም ሰንሰለት ተዘርግቶበት አገኘን። ከሰንሰለቱ ወዲያ ውሃው ውስጥ ጥቁሩ ጉድጓድ አለ፣ ታውቀዋለህ፣ ኮቡ የሚተኛበት። ከጉድጓዱ ወዲያ ደግሞ አዲሱ ሆቴል። ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የሆቴሉን ኮት ለብሶ የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቤካኒ! አባቱ በሰልፉ ላይ ኩላብ ያዥ የነበረው፣ እኔ በቂጣ ያሳደግኩት ቤካኒ። ዓይኑን ከእኔ ሸሽጎ አሸዋውን ያያል። አልፈረድኩበትም፣ ሥራ የት አለ።

ጥቂት ቆይቶ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ጫማው አሸዋ እንዳይነካው በጣውላ ላይ እየተራመደ። ትሁት ሰው ነው፣ ከባለጌ ይልቅ እንዲህ ያለውን እፈራለሁ። የቦታው ባለቤት አውስትራሊያ እንደሚኖር፣ ሊሸጥላቸው ቃል እንደሰጠ፣ ወረቀቱ ሲፈረም የምንወርድበት መንገድም እንደሚዘጋ ነገረን። ለእኔ ግን ለዕድሜዬ ሲባል የመግቢያ ካርድ ይሰጠኛል። ለእኔ ብቻ።

«ካርዱን ለዓሣው ስጠው» አልኩት። «ወደ እናንተ በኩል የሚያልፈው እሱ ነው።»

ሰልፉ ሳቀ። እኔ ግን ከልቤ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ፎቶ የጠየቅከኝ ትዝ አለኝ። አሁን ዳር ዳር ሳትል ንገረኝ። ሰውየው ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም?

ሙኒያማ


ኡምላላ አፍ፣ ኦገስት 23 ቀን 1998

ሎጋናታን፣

ከአንተ መልስ የለም። ፖስታው ነው እንዳልል የልጄ ባል ወንድም ከዚያው ከፐርዝ የጻፈው በሳምንቱ ደርሷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ከእንግዲህ ክርም ማንኪያም አልፈልግም። አዎ ወይም አይደለም ብቻ ላክልኝ።

ሙኒያማ


ፐርዝ፣ ኦገስት 30 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ፊቴ ናቸው። የመጀመሪያው ከመጣ ሰንብቷል። መልስ እየጀመርኩ ቀደድኩ።

ሰውየው አልዋሸም። ቃል ሰጥቻለሁ፣ ገና አልፈረምኩም።

ለገንዘቡ ብቻ እንዳይመስልዎት። እኔ ያንን አሸዋ እጠላዋለሁ። በዚያ በአፓርታይድ ዘመን አባቴ ያን ትልቅ ዓሣ ይዞ ሲሮጥ፣ «ለነጮች ብቻ» የሚለውን ሰሌዳ አልፎ ሲገባ፣ ፖሊሱ በጩቤ ክሩን ሲቆርጥበት አይቻለሁ። አልደበደበውም፣ አልሰደበውም፤ ክሩን ብቻ ቆርጦ «ተመለስ» አለው። አባቴ ባዶውን የማጥመጃ ዘንግ ይዞ ተመለሰ። ማጠንጠኛውን ለእርስዎ ሰጥቶ፣ እስኪሞት ድረስ ባሕር አልወረደም። ሰሌዳው ቢነሳ ለእኔ ምን ይለውጣል? ያ ባሕር መቼም የእኛ አልነበረም፣ አክስቴ። እኛ ዝም ብለን ስንወደው ነው የኖርነው።

አፈር ስሆን ከሆቴሉ ሰዎች ጋር እንዳይጣሉ። ካርዱን ይቀበሉ። እርስዎ አንድ ሰው ነዎት፣ እነሱ ጠበቃ አላቸው። ወረቀቱን በኦክቶበር መጨረሻ እንድልክ ነው የሚጠብቁት።

ሎጋናታን


ኡምላላ አፍ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998

ለልጄ ለሎጋናታን፣

ሙሩጋን ያበርታህ። እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ። ተናድጄም ነበር፣ አልደብቅህም፤ ደብዳቤህን ሩዝ ዕቃው ሥር አድርጌ ሳምንት ሙሉ አላየሁትም። አሁን ግን የምነግርህ አለኝ፤ ተቀምጠህ አንብበው።

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና ጠዋት ውሃው ሻይ መስሎ ጠበቀን። ሰልፉ ሙሉ ነው። እኔ ከሰንሰለቱ አጠገብ ነኝ፤ እምቢ ብልም ካርዱ ቤቴ ከመጣ ወዲህ ሆን ብዬ እዚያ ነው የምቆመው፣ ሥራ አስኪያጁ ከቁርሱ ቀና ሲል እኔን እንዲያይ። የሰርዲን ራስ ከባሕር ቅማል ጋር አስሬ ወረወርኩ። ብዙም ሳልቆይ ክሩ ላላ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ከበደ፣ ከዚያ መዳፌን አቃጠለው። ቆዳዬ ተላጠ ስልህ! እንዲህ ያለ ዓሣ ከስንት ዓመት ወዲህ አልያዝኩም።

«ዓሣ!» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ። ሰልፉ ክሩን ሰበሰበ። ኪስተንሳሚ ያንን የተቆለመመ እግሩን እየጎተተ ኩላቡን ይዞ ተከተለኝ። ዓሣውም ወደ ሌላ ወገን አልሄደም። በቀጥታ ወደ ጥቁሩ ጉድጓድ፣ ከሰንሰለቱ ወዲያ።

ያንተ ማጠንጠኛ በእጄ ቢሆን ኖሮ ከቆምኩበት ሆኜ እይዘው ነበር፣ ይህም ደብዳቤ ባልተጻፈ። የአባትህ እንጨት ግን ያልተከተሉትን ዓሣ አይዝም። ክሩ እያለቀ ነው። ወይ እሄዳለሁ ወይ ይበጠሳል። ሄድኩ። ሰንሰለቱ ሆዴ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሄድኩ። በውሃው በኩል ልዙር ብል ማዕበሉ አንገት የሚደርስ ነው። ልዝለል ብል ይህ ጉልበት።

ሥራ አስኪያጁ የበላበትን ጨርቅ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ መጣ፣ በዚያን ዕለት ጣውላውንም ረሳው። ቤካኒን «ቁረጠው» አለው። የእኔን ክር ነው የሚለው። ቤካኒ ወገቡ ላይ ጩቤ አለ፤ በዚህ ባሕር ዳር ያደገ ሁሉ ይይዛል። ጩቤውን አየሁት። እሱም አየው። ሎጋን፣ በዚያች ሰዓት የፈራሁት ዓሣው እንዳያመልጠኝ አልነበረም። ያ የአባትህ ሰሌዳ የነበረው እዚያው ነው፣ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ወደኋላ አላልኩም። ከቆረጠውም ባዶውን ዘንግ ይዤ እዚያው ልቆም፣ እስኪመሽ ልቆም ቆርጬ ነበር።

ቤካኒ ጎንበስ አለ። የሰንሰለቱን መያዣ ከብረቱ ዘንግ አላቀቀና አሸዋው ላይ ጣለው። «ጎጎ፣ ይለፉ» አለኝ፣ በእነቤካኒ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። ለሰውየው ደግሞ ረጋ ብሎ «ጌታዬ፣ ገለል ይበሉ፣ ዓሣ ይዘዋል» አለው።

ሰውየውም ገለል አለ! ለምን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። አለፍኩ። ኪስተንሳሚ አለፈ። ከኋላ ግርግር ሰምቼ ዞር ስል ሰልፉ ሁሉ ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ እየመጣ ነው። በልማዱ አንድ ኩላብ ያዥ ነው የሚከተለው፤ በዚያ ቀን ግን መንደሩ በሙሉ ኩላብ ያዥ ሆነ። በሆቴሉ ወንበሮች መካከል ዓሣዬን ተከትዬ ሄድኩ። አንዲት እንግዳ ሴት እግሯን ሰብስባ አሳለፈችኝ፣ ጨዋ ናት። ኮቡ ሲደክም ኪስተንሳሚ ማዕበሉ ውስጥ ገብቶ ጎትቶ አወጣልኝ። ርዝመቱ የእኔን ቁመት ሊደርስ ምንም አልቀረው። እኔም አጭር ነኝ፣ አትሳቅ።

እዚያው አሸዋው ላይ ከፋፈልኩት። ራሱን እንደ ደንቡ ለኩላብ ያዡ። ከጭራው በላይ ያለውን ወፍራሙን ለመንገድ ከፋቹ፣ ለቤካኒ። ሥራ አስኪያጁ ከሥራ እንዳባረረው ነገረው። ቤካኒም ኮቱን አውልቆ በሥርዓት አጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠና ድርሻውን ተቀበለ። ከዚያ ሁላችንም ጥቁሩ ጉድጓድ ላይ ወርውረን እስኪመሽ ዋልን። እሑድም ወረድን። ዛሬም ከዚያ ነው የመጣሁት። ሰንሰለቱን ጠዋት ይዘረጉታል፤ አንዳችን «ዓሣ!» እንላለን፤ እናልፋለን። አንዳንዱ ዓሣ ሣር ሆኖ ይገኛል፣ ምን ይደረግ።

ያ ባሕር የእኛ አልነበረም አልከኝ። ልጄ፣ የእኛ ያልነበረው ሰሌዳው ነው። አባትህ ሰሌዳውን ሲያልፍ ተሳስቶ መስሎህ ኖረሃል። አልተሳሳተም። ሰሌዳውን እያየ ነው ያለፈው፤ ዓሣ ይዞ ነበር።

ፈርም አልልህም፣ አትፈርም አልልህም። ቦታው ያንተ ነው። ብትሸጠውም እኔ መውረዴን አልተውም፣ ይህን ግን ከወዲሁ እወቀው። ካርዱን ለድመቷ መጫወቻ ሰጥቻታለሁ። ምንም እንዳትልክልኝ።

ሙኒያማ


ፐርዝ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1998

አክስቴ፣

ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት ቤካኒ «ይለፉ» ያለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ሰጠኋት። እሷ ተቀብላ ጨረሰችው።

ሌሊቱን አባቴን ሳስብ አደርኩ። ሕይወቴን ሙሉ የማየው ሲመለስ ነበር፣ ባዶ ዘንግ ይዞ። ሲሄድ እንዴት እንደነበር ረስቼው ኖሬያለሁ። እየሳቀ ነበር፣ አክስቴ። ሰሌዳውን ሲያልፍ እየሳቀ ነበር።

ለሆቴሉ ጠበቃ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «ዓሣ የያዘ ሰው እየመጣ ነውና ገለል በሉ።» አልገባኝም፣ ይብራራልኝ ብሎ መለሰ። «አልሸጥም ማለት ነው» ብዬ አብራራሁለት።

የላክሁልዎትን ማጠንጠኛ ለቤካኒ ይስጡልኝ። የአባቴን እንጨት ግን አደራ፣ ከእጅዎ አይውጣ። በዲሴምበር እመጣለሁ። ከሰልፉ ላይ ቦታ ያስይዙልኝ።

ልጅዎ፣
ሎጋን


ኡምላላ አፍ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1998

ለልጄ ለሎጋን፣

የአባትህ ሳቅ በቤትህ ይኑር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቦታ ግን አላስይዝልህም። ቀድሞ የወረደ ይቆማል፣ ደንቡ እሱ ነው። የባሕር ቅማልህንም ራስህ ትለቅማለህ። ጥፍርህ ለስልሶ እንደሆነ ከአሁኑ ተለማመድ። ማንኪያህን ይዘህ ና፣ ውሃው ሲጠራ አንከለክልህም።

ሆቴሉ ፍርድ ቤት እንሄዳለን ብሏል። ይሂድ። ዳኛው ከዚህ አገር ከሆነ አንድ አጥማጅ አጎት አያጣም። ቤካኒ ኪስተንሳሚ ጋ ዓሣ መሸጥ ጀምሯል፤ በማጠንጠኛህ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ዓሣ ሲይዝ ሰልፉ ሁሉ ሰነፍ እያለ ይሰድበዋል፣ እሱም ደስ ብሎታል።

ባለፈው ሳምንት ትልቅ ማዕበል መጥቶ የብረት ዘንጎቹን ነቅሎ ወሰዳቸው። ሰንሰለቱን አሸዋ ውጦት የባሕር ቅማል ስንለቅም አገኘነው። መልሰን ወስደንላቸው ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ዝጓል፣ አንፈልገውም አሉ። ቤካኒ በመጋዝ ቆራርጦ ለሰልፉ አደለው። ክር ለማስመጥ የምናስረው እርሳስ ውድ ነው፣ ድንጋያማው ቦታ ላይ ደግሞ ሁሌ ይበላብናል።

ከሰንሰለቱ አንዷን ቀለበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። የፖስታ ቤቷ ልጅ ውስጡ ምን እንዳለ ስትጠይቀኝ የማጥመጃ መስመጫ ብዬ አስጻፍኩ። ክርህ ጫፍ ላይ እሰራትና ወርውር። ደህና አድርጋ ትሰምጣለች።

አክስትህ፣
ሙኒያማ